እስከ ጭረቷ ድረስ

ጥድፌ ጋራዡ ደጃፍ ሲደርስ የታላቅ ወንድሙ ሚስት፣ እትዬ፣ በሩን ተደግፋ ቆማ አገኛት። እጆቿን ሽርጧ ውስጥ ሸጉጣለች። እትዬ እጆቿን ከሸጎጠች ነገር አለ ማለት ነው፤ ሥራ የፈታ እጅ እሷ ዘንድ አይታወቅም።

«ዕቃውን እየሰበሰበ ነው፤» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሰኞ የጎማ መጋዘን ጠባቂ ሆኖ ይገባል። ከእንግዲህ ሞተር አልነካም ብሎ ቆርጧል። ብለምነው ብለምነው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። እስቲ አንተ ግባና አናግረው፤ አንተን ይሰማል።»

«እሺ እትዬ፤» አለ ጥድፌ።

እሺ ማለት ለእሱ ቀላል ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ እሺ ሲል የኖረ ሰው ነው። የሚከብደው እሺ ያለውን ማድረጉ ነው። የዛሬዋ እሺ ግን ከሌላው ቀን ሁሉ ትከብድ ነበር። ወንድሙ ሙያውን የሚጥልበትን እውነተኛ ምክንያት በዚህች ምድር ላይ ከጥድፌ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ወንድሙ ራሱም አያውቀውም።

ታላቅ ወንድሙን ሰው ሁሉ «ባለ ጆሮው» ነው የሚለው። መኪና ይዘህ ስትሄድ ምን ሆነብህ ብሎ አይጠይቅም። «አስነሣው» ይላል። የእንጨት እጀታ ያላትን የናስ ዘንጉን ያነሣል፣ ናሱን ሞተሩ ላይ ያስደግፋል፣ እጀታዋን ጆሮው ላይ ይለጥፍና ዐይኑን ይጨፍናል። ትንሽ ይቆይና «ሦስተኛዋ ሲሊንደር ታማለች» ይልሃል። ሲከፈት ሦስተኛዋ ታማለች። ቀልደኞች «ባለ ጆሮው ሚስቱ ሳትናገር ይሰማታል» ሲሉ እትዬ ትስቅና «ሞተር ብሆን ኖሮ አዎ» ትላቸዋለች።

ይህ ሰው ለራሱ የሠራት አንዲት መኪና ነበረችው፤ ስሟ አሮጊቷ ነው። ቆርቆሮዋ ከየአሮጌው የተለቃቀመ ነው፤ ሞተሯ ግን ለጉድ ነው። ሲሊንደሯን አስፍቶ፣ የሞተሯን የላይ ክዳን ቴስታታዋን አስልጦ፣ ጭመቷን ከፍ አድርጎ፣ ሁለት ካርቡሬተር ገጥሞላት በየእሑዱ ሲቃኛት ዓመታት አልፈዋል። ሌላው ሰው እሑድ እሑድ ዘመድ ይጠይቃል፤ እሱ አሮጊቷን ይጠይቃል። ታዲያ እንዲህ የተቃኘ ሞተር ምግብ ይመርጣል። ያገኘውን ሁሉ አይጠጣም። ሱፐር ቤንዚን ይፈልጋል፤ ሱፐርም ሆኖ ኤታኖል ያልተቀላቀለበት። በጋራዡ ቋንቋ ስሙ «ንጹሑ» ነው።

«የካርቡሬተሩን ቀዳዳዎች የለካኋቸው ለንጹሑ ነው፤» ብሎ አስረድቶት ነበር ጥድፌን። «አልኮል የገባበትን ብትሰጣት በዚያችው ቀዳዳ ነው የሚገባው፤ ግን አልኮሉ የራሱን አየር ይዞ ነው የሚመጣው፣ አየር ይበዛባታል። አየር ሲበዛባት ትግላለች። ስትግል ታንኳኳለች። ስታንኳኳ ዝም ካልካት የራሷን ፒስተን ትበላለች። አዲስ መኪና ኮምፒውተር አላት፣ ራሷን ታስተካክላለች። የአሮጊቷ ኮምፒውተር እኔ ነኝ።»

ለዚህ ብሎ ያወጣት ሕግ ነበረችው። አንዲት ረዥም ጠባብ ብልቃጥ አለች፤ ከታች በኩል በአልማዝ የተጫረች ጭረት አለቻት። ውሃ እስከ ጭረቷ ድረስ ይሞላል። ቤንዚን እስከ አንገቷ ይጨመራል። ክዳኗ ይጠብቅና በደንብ ትናጣለች፣ ከዚያ ትቀመጣለች። ቤንዚኑ ላይ ይቀራል፣ ውሃው ታች ይረጋል። ውሃው ጭረቷ ላይ ከቆመ ቤንዚኑ ንጹሕ ነው። ከጭረቷ በላይ ካበጠ አልኮል አለበት። «አልኮል ውሃ ይወዳል፤» ይላል ባለ ጆሮው፤ «ውሃ ካየ ቤንዚኑን ጥሎት ይሄዳል። ልክ እንዳንተ፣ ጓደኛ ካየህ ሥራህን ጥለህ እንደምትሄደው።» ቤንዚኑ የተፈተነባት ብልቃጥ መደርደሪያ ላይ ትቀመጣለች። መኪናዋ በሰላም እስክትመለስ አትደፋም። ይቺ ሕግ ከተጣሰች ባለ ጆሮው ቤንዚን ወደ አሮጊቷ አያስጠጋም።

አንድ የዳገት ላይ የመኪና ውድድር ደረሰ፤ ነጂው ጥድፌ ነበር፤ መንዳቱንስ ይችልበታል። ንጹሑን የማምጣቱም ሥራ የእሱ ነው። ንጹሑ የሚሸጠው አንድ ማደያ ብቻ ነው፤ እሱም ከከተማው ወጥቶ ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ አጠገብ። ባለ ጆሮው «ዛሬውኑ አምጣ» ብሎት ነበር። እሺ አለ። ከዚያ ጓደኞቹን አገኘ፣ ኳስ ነበረ፣ ነገ በጠዋት እሄዳለሁ አለ። ጠዋቱም እንደ ጠዋት ሆኖ አልጠበቀውም፤ ሲነሣ ፀሐይ መስኮቱን አልፋ ሄዳለች። ካባው ድረስ ደርሶ መመለስ ማለት ውድድሩን ማጣት ነው። እነሆ ጥጉ ላይ ያለው ማደያ ክፍት ነው፣ ሰልፍም የለው። ጀሪካኑን እዚያ ሞላው። ሱፐር ነው፣ ሱፐርነቱስ ሱፐር ነው፤ ኤታኖል እንዳለበት ግን መቅጃው ላይ ዐይን በሚያህል ፊደል በደማቁ ተጽፏል።

«አንድ ቀን ምን ታመጣለች፤» አለ ለራሱ። አንድ ቀን ምን ታመጣለች ያለ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ አልተነገረውም መሰለኝ።

ጋራዡ ሲደርስ ባለ ጆሮው ካርቡሬተሩ ላይ አጎንብሷል። ጥድፌ ብልቃጧን አነሣ፤ ውሃ እስከ ጭረቷ፣ ቤንዚን እስከ አንገቷ፣ ናጠ፣ አስቀመጠ። ውሃው ከጭረቷ ጥሩ አድርጎ በልጦ ቆመ። ያው የታወቀ ነው፤ ምን ሊሆን ጠብቆ እንደነበር እሱ ይወቀው።

«ጭረቷ ላይ ናት?» አለው ወንድሙ ቀና ሳይል።

እዚህች ላይ «የለም ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ንጹሑን አላመጣሁም» ቢል ምን ይመጣ ነበር? ውድድሩ ይቀራል። ባለ ጆሮው ይቆጣል፣ ያኩርፋል፣ ሻይ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል፣ ሁለተኛው ሻይ ሲመጣ ይጠጣል። በቃ፣ ከዚያ በላይ አይሆንም። ጥድፌም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

«ገና አልረጋችም ጋሼ፤» አለ።

ብልቃጧን ወደ ጓሮ ይዞ ወጣና ደፋት። ውሃውን ከጭረቷ አሳንሶ ሞላ፣ ቤንዚን ጨመረ፣ ናጠ። አሁንም በለጠ። ደግሞ ደፋ። ውሃውን ከግማሽ በታች አድርጎ ሞላ፣ ጨመረ፣ ናጠ፣ ቁጢጥ ብሎ ጠበቀ። ውሃው ቀስ እያለ ረጋና ልክ ጭረቷ ላይ ቆመ። በዚህ ሁሉ መሀል እጁ አንድ ጊዜ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። በኋላ ሲያስበው ከሁሉ በላይ ያሳፈረው ይኸው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲጣደፍ አፍሶ ሲለቅም የኖረ ሰው ያን ዕለት ብቻ ታገሠ፣ ተጠነቀቀ፣ እንደ ደህና ባለሙያ ሠራ።

«ይኸውልህ ጋሼ።»

ባለ ጆሮው ጎንበስ ብሎ ዐይኑን ከጭረቷ ጋር እኩል አደረገና አየ። «ጎበዝ፤» አለው። ጎበዝ የምትለው ቃል ከእሱ አፍ እንዲህ በቀላሉ አትወጣም። ብልቃጧን ራሱ ወስዶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጣት።

ወደ ውድድሩ መነሻ መስመር የምትወስድ አጭር ዳገት አለች። ጥድፌ አሮጊቷን በእሷ ላይ እያስጮኸ ሲወጣ ወንድሙ ከጎኑ ይራመድ ነበር። መስመሩ ላይ ቆመ። በጎን መስታወቱ ሲያይ የባለ ጆሮው እጅ ወደ ላይ ስትነሣ ተመለከተ። እስከ ደረቱ ደረሰች፣ እዚያው ቆመች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ተመልሳ ወረደች። እየሸኘኝ ነው ብሎ አሰበ ጥድፌ። ባንዲራው ወረደ፤ እሱም ረገጠ።

ከታች መልካም ነበር። ሽቅቡ ሲጠና ግን ጠጠር ቆርቆሮ ውስጥ የሚናጥ የሚመስል ድምፅ መጣ። ጥድፌ ሰማው፤ እንኳን የባለ ጆሮው ወንድም ማንም ይሰማዋል። ምን እንደሆነም ያውቃል። እግሩን ማንሣት ነበረበት፤ አላነሣም። ቢያነሣ ለምን አነሣህ ሊባል ነዋ። ትልቁ ጥምዝ ላይ አሮጊቷ ጩኸቷን ለቀቀችው፣ ጭስ መስታወቱን ሞላው፣ የራሷ ዘይት የኋላ ጎማዎቿ ሥር ፈሰሰና ትዞር ጀመር። መንገዱ ዳር ያለ የድንጋይ ክምር ያዛት። ከክምሩ ወዲያ ያለው ገደል ነው።

ጥድፌ ደህና ነበር። ባለ ጆሮው ያንን ሁሉ ዳገት በሩጫ ወጥቶ ሲደርስ ትንፋሹ ተቆርጦ ነበር። የራስ ቁሩን አወለቀለት፤ ግንባሩን፣ አንገቱን፣ ትከሻውን በዘይታም እጁ እየዳበሰ አየው።

«ይቅር በለኝ፤» አለው። «ይቅር በለኝ ወንድሜ፤ ልገድልህ ነበር።»

«ምንም አይደል ጋሼ፤» አለ ጥድፌ።

እስቲ ይታይ። ምንም አይደል አለ፤ እንደ ቸር ሰው ይቅር አለው።

አሮጊቷ ተጎትታ ጋራዥ እንደገባች ጥድፌ ማንም ሳያዘው የተረፈውን ቤንዚን ቀድቶ ወስዶ ደፋው። «እሳት እንዳይነሣ ብዬ ነው፤» አለ። «እንዴት ያለ አሳቢ ነው፤» አለች እትዬ።

ባለ ጆሮው ሞተሩን ፈታ። ፒስተኑ አናቱ ላይ ተበስቷል። እሳት የሚጭሩት ካንዴላዎቹ እንደ ኖራ ነጥተዋል፤ አየር በዝቶባት፣ ግላ፣ አንኳኩታ ነው የሞተችው። የካርቡሬተሩን ቀዳዳዎች ለካ፤ እሱ እንዳደረጋቸው ናቸው። ዞሮ ብልቃጧን አየ፤ ውሃው ጭረቷ ላይ ነው። ፒስተኑን እጁ ላይ አገላበጠው።

«ቤንዚኑ ንጹሕ ነው፤» አለ በመጨረሻ። «እንግዲያውስ ቀዳዳዎቹን ከመጀመሪያውም አጥብቤያቸው ኖሯል ማለት ነው። እሷም ይኸን ሁሉ እሑድ ስታንኳኳ ኖራለች። ያልሰማኋት እኔ ነኝ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ የሰው መኪና ሲመጣለት ዘንጉን ያነሣል፣ ጆሮው ላይ ይለጥፋል፣ ከዚያ «እስቲ ሌላ ሰውም ይስማልህ» ብሎ ይመልሳል። ምግብ ሲቀርብለት እትዬ ሦስቴ ትጠራዋለች፤ ሦስቴ የምትጠራው ስላልሰማ አይደለም፣ ሐሳብ ይዞት ነው። እሷ ግን መፍራት ጀመረች፤ እውነትም ጆሮው ይሆን እንዴ አለች።

ብልቃጧም አልተደፋችም። ሕጉ መኪናዋ በሰላም እስክትመለስ ነው የሚለው፤ አሮጊቷ በሰላም አልተመለሰችም። ስለዚህ ብልቃጧ መደርደሪያው ላይ ተገትራ ከረመች፣ ጥድፌም ዐይኑ ከእሷ እንዳይጋጭ ፊቱን እያዞረ ከረመ። ልንገረው ይልና «አሁን ብነግረው ይበልጥ ይጎዳል» ይላል። ልተወው ይልና «ቀስ እያለ ይረሳዋል» ይላል። ጓደኞቹ ሲያሾፉበት እንኳ መልስ መስጠት ተወ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል ይሰማል፤ የእሱ ውሸት ግን እያደር ሥር ሰደደች፤ ከወንድሙ ጋር በአንድ ማዕድ ትቀመጣለች፣ ደህና አደራችሁ ትላለች።

እና አሁን ዕቃ እየተሰበሰበ ነው። ጥድፌ ወደ ውስጥ ገባ።

ባለ ጆሮው ቁልፎቹን አንድ በአንድ በዘይት ጨርቅ እየጠረገ ይጠቀልላል። ከጎኑ የዳቦ ቤቱ መኪና ኮፈኑ እንደተከፈተ ቆሟል። የዳቦ ቤቱ ሹፌር ሌላ ሰው ዘንድ ውሰደው ቢባል እምቢ ብሎ፣ ቁልፉን ጥሎ የሄደ ግትር ሰው ነው።

«መጣህ? ጥሩ፤» አለ ባለ ጆሮው። የናሷን ዘንግ አንሥቶ በእጀታዋ በኩል ዘረጋለት። «እንካ፣ ያንተ ናት። ጆሮህ ገና ነው። ከተረጋጋህ ትሰማለህ፤ ችግርህ ጥድፊያህ እንጂ ጆሮህ አይደለም።»

ጥድፌ ዘንጓን አየ። የእጀታዋ እንጨት በወንድሙ ጆሮና ጉንጭ ተዳብሶ አብረቅርቋል። እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

«አልወስድም። ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቤንዚኑ ንጹሕ አልነበረም። ካባው ጋ አልሄድኩም፤ ከጥጉ ማደያ ነው የቀዳሁት። ብልቃጧ ስትናጥ ከጭረቷ በለጠች፤ ጓሮ ወስጄ ውሃውን አሳንሼ ነው ጭረቷ ላይ ያቆምኳት። ጆሮህ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ ሞተሯን የሰበርኩት።»

ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገረው። ከዚያ ዱላውን ጠበቀ። ስድቡን፣ ጥፊውን፣ ከቤቴ ውጣልኝን ጠበቀ፤ እንዲያውም ናፈቀው።

ባለ ጆሮው ግን ፈገግ አለ። በዚያ ሰሞን ፈገግ ሲል ማንም አላየውም ነበር።

«እትዬህ ናት እንዲህ በል ያለችህ?»

«አይደለም ጋሼ። እውነቴን ነው።»

«አንተ ልጅ፤» አለ ባለ ጆሮው፤ እጁን ትከሻው ላይ አደረገ። «ልብህ ጥሩ ነው፤ እሱን ድሮም አውቃለሁ። ለእኔ ብለህ ያላጠፋኸውን ልትሸከም ነው እኮ። ግን ብልቃጧን እኔ በዐይኔ አይቻታለሁ። ይኸው አሁንም አለች። ብልቃጥ አትዋሽም።»

እትዬ በሩ ላይ ሆና ሰምታለች። በሽርጧ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች። «የእናት ልጅ ማለት እንዲህ ነው፤» አለች።

ጥድፌ መሬት ብትውጠው በወደደ። ለስድብ ተዘጋጅቶ ምርቃት ተቀበለ። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ሌላ ሐሳብ በልቡ ሾልኮ ገባ፤ እነሆ ተናግረሃል፣ አላመነህም፣ ከእንግዲህ ያንተ ድርሻ አበቃ፣ ዘንጓን ተቀበልና ውጣ የሚል። በሩ ክፍት ነበር። ስሙ ጥሩ ነበር። የቀረው እሺ ማለት ብቻ ነው፣ እሺ ማለት ደግሞ ይችልበታል።

ባለ ጆሮው ዘንጓን ጨርቁ ላይ አጋድሞ መጠቅለል ጀመረ። አንዴ ጠቀለላት። እንደገና ሊጠቀልላት ሲል ጥድፌ ወደ መደርደሪያው ሄዶ ብልቃጧን አወረደ።

«ጋሼ፣ አልኮል ውሃ ይወዳል ብለኸኛል።»

«አዎ፣ ታዲያ?»

«ውሃ ካየ ቤንዚኑን ጥሎት ይሄዳል ብለኸኛል። እንግዲህ ከታች ያለው እኔ ያን ቀን ዋሽቼህ ካልሆነ ውሃ ብቻ ነው፤ ዋሽቼህ ከሆነ ግን አልኮሉ እዚያ ውስጥ አለ። ውሃ አይነድም። ና እንሞክረው።»

ባለ ጆሮው መጠቅለሉን ተወ። ፊቱ ላይ ፈገግታው ገና አልጠፋም፤ ልጅን ለማባበል የሚደረግ ዓይነት ነበር። የማርሽ ዘይት የሚቀዳባትን ሲሪንጅ አጸዳና ከጥድፌ ጋር ወደ ጓሮ፣ ወደ ግድግዳው ጥላ ወጡ። እትዬም ተከተለቻቸው። ሲሪንጁን በቤንዚኑ መሀል አሳልፎ እስከ ብልቃጧ መቀመጫ አወረደው፤ ከታች ካለው ትንሽ ሳበ፣ የጣሳ ክዳን ላይ ጠብ ጠብ አደረገው። ብልቃጧን ዘግቶ ራቅ አድርጎ አስቀመጠ። ክብሪት ጫረ።

መጀመሪያ ላይ ቢጫ ብልጭ አለ። «ይኸው፣ ሲሪንጁ ያመጣው ቤንዚን ነው፤» አለ ባለ ጆሮው። ቢጫው ወዲያው ጠፋ። «አየህ፣ አለቀ፤» ሊል አፉን ከፍቶ ወደ ክዳኑ ጎንበስ አለ። ክዳኑ ላይ ያለው ነገር ይርገበገባል። በጥላው ውስጥ እንኳ በጭንቅ የሚታይ ሰማያዊ ነበር፤ ጭስ የለው፣ ድምፅ የለው። ባለ ጆሮው መዳፉን ከላዩ ዘረጋ፣ ትንሽ ዝቅ አደረገ፣ ፈጥኖ ሳበው።

ውሃው እየነደደ ነበር።

ሦስቱም እስኪያልቅ ድረስ አዩት። ሲያልቅ ክዳኑ ላይ ጥቂት እርጥበት ቀረ። እትዬ ወደ ጥድፌ ዞር ብላ አየችውና እጆቿን መልሳ ሽርጧ ውስጥ ከተተች። ባለ ጆሮው ግን ዐይኑን ከክዳኑ ላይ አላነሣም።

«ሰምቼው ነበር፤» አለ።

«ምኑን ጋሼ?»

«ማንኳኳቱን። ወደ መስመሩ በዚያች ዳገት ስትወጣ፣ ከጎንህ እየሄድኩ። ጠጠር ቆርቆሮ ውስጥ፣ ገና በሩቁ። ሰማሁት። ላስቆምህ እጄን አነሣሁ።»

ጥድፌ በመስታወቱ ያያት እጅ ትዝ አለችው። እስከ ደረት ደርሳ የቆመችው።

«ከዚያ ብልቃጧ ታወሰችኝ፤» አለ ባለ ጆሮው። ቁጣ የለውም፤ እንደሚቆጥር ሰው ቀስ እያለ ነው የሚናገረው። «ቤንዚኑ ንጹሕ ነው፣ ጥድፌ አሳይቶኛል፣ ጎበዝ ብዬዋለሁ አልኩ። የሌለ ነገር የሚያሰማኝ ጆሮዬ ነው አልኩ። እጄን አወረድኩት። አንተም ሄድክ። ይኸን ለእትዬህም አልነገርኳትም። ማንኳኳቱን እየሰማሁ ወንድሜን ወደ ገደል ለቀቅኩት እያልኩ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። መጋዘን የምገባው ደንቁሬ መሰለህ? ጆሮዬማ ደህና ነበር። እኔ ግን ጆሮዬን ትቼ አንተን አመንኩ።»

ጥድፌ የተናዘዘው ስለ አንድ ሞተር ነበር። ወንድሙ ይህን ሁሉ ጊዜ በእሱ ነፍስ ሲጠየቅ መክረሙን፣ በየምሽቱ ያንን ገደል ሲያይ ማደሩን አላወቀም ነበር። እሱ ግን ምንም አይደል ብሎታል፤ ይቅር ብሎታል።

ባለ ጆሮው ብልቃጧን አንሥቶ ደፋት። በሳሙና አጠባት፣ አለቀለቃት፣ ወደ ብርሃን ይዞ ጭረቷን አየ። ወደ ውስጥ ሲገባ ጥድፌ ተከተለው። መደርደሪያው ባዶ ነበር። ባለ ጆሮው ግን ወደ መደርደሪያው አልሄደም፤ ብልቃጧን የቱታው የደረት ኪስ ውስጥ ከተታትና ኪሱን ቆለፈ። ከዚያ ጨርቁን ፈታ፣ ዘንጓን አወጣ፣ ወደ ዳቦ ቤቱ መኪና ሄደ።

«አስነሣው፤» አለ።

ጥድፌ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተንጫጭቶ ተነሣ። ባለ ጆሮው ናሱን አስደገፈ፣ እጀታዋን ጆሮው ላይ ለጠፈ፣ ዐይኑን ጨፈነ። እትዬ በሩ ላይ ሆና ይህን ስታይ ትከሻዋ ወረደ፣ ረዥም ትንፋሽ አወጣች፣ ወደ ቤት ገባች። ጥድፌ ከመኪናው ወርዶ አጠገቡ ቆመ። የወንድሙ ጉንጭ ላይ ያለውን የጥላሸት ምልክት ያያል፤ ከዚያ በላይ መጠጋት አልደፈረም።

«ጋሼ፣ ይቅር በለኝ፤» አለው።

ባለ ጆሮው ዐይኑን አልገለጠም።

«ዝም በል፤» አለው። «እየሰማሁ ነው።»

ጥድፌ ሳይጣደፍ ቆሞ ጠበቀ።